ከፍልሰታ በፊት እንዲደርስሽ

ደሴ፣ ሰኔ 12

ለእህቴ ለመቅደላዊት፣

እንዴት ነሽልኝ መቅዲ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን እያመማትም ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም አሉ። ንገሪያት፣ ቤቷ ተቀምጣ ብትጸልይም እግዚአብሔር ይሰማታል። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ገና በሰኔ አስመረረን እንጂ ደሴም ደህና ናት። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ይኸው እንደ ድሮ ሰው በወረቀት መነጋገር ጀመርን። የእማዬ አጎት ልጅ አረጋ አይሱዙውን ይዞ ባይመላለስ ኖሮ ይህም አይኖረንም ነበር።

አረጋ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ፣ "እህትሽ ፊቷን በነጠላ ጠቅልላ ነው ያቀበለችኝ፤ ጥርሷን ያማታል እንዴ?" አለኝ። ሳነበው ጥርስ እንዳልሆነ ገባኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ፋርማሲ የምትማር እህትን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ግን አደጋ አለው፤ መልሱ ይረዝማል። በአንቺ ዕድሜ ያሉ ልጆችን እየመዘኑ፣ ፊታቸውን እያዩ ያጠኑ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ክብደታቸው የጨመረ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ብጉር ይበዛባቸዋል ብለዋል። ይህን ያህል ግንኙነት አላየንም ያሉም አሉ። ሰውነት ሲጨምር ሆርሞን ይለዋወጣል፣ ቆዳም ቅባት ያበዛል፤ ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ጎረቤታችን ጥሩነሽ እንዳለችሽ የበላሽው ቅቤ በፊትሽ እየወጣ አይደለም። ቅቤ እዚያ ድረስ መንገዱን አያውቀውም።

ስለዚህ አታፍርጪው። ሎሚ አትቀቢው፤ የጥርስ ሳሙናም አትለጥፊበት። በለስላሳ ሳሙና ታጠቢና ተይው። ብጉር ማንንም አልገደለም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንቺ መቼ ወፈርሽ? ለጥምቀት ስመጣ የዩኒፎርምሽ ቀሚስ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር። የጨመርሽው የት የት ነው? የወር አበባሽስ ይመጣል? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? በደንብ ጻፊልኝ፤ ዝም ብዬ አይደለም የምጠይቅሽ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እህትሽ እድላዊት

*

ላሊበላ፣ ሰኔ 25

ለእታለም ለእድላዊት፣

ሰላምታዬ ከደሴ ዝናብ ይብዛልሽ። እኛ ደህና ነን። እማዬ መልእክትሽን ስነግራት፣ "ደሴ ሄዳ ጸሎት ልታስተምረኝ ነው?" አለችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ሱቁን አሁንም ጠዋት ጠዋት ትከፍተዋለች። እንግዳ የለም፤ መስቀሉንና ስፌቱን አቧራውን ታራግፍና ትዘጋዋለች።

ከጠየቅሽኝ ውስጥ አንዱን በግልጽ አልመልስም። አረጋ ቢያነበውስ? ቀርቷል፣ ቆይቷል ብቻ ልበልሽ።

ውፍረቴን እማዬ ወዳዋለች። "አሁን ሰው መሰልሽ" ትላለች። ሰዎች መንገድ ላይ፣ "ልጅሽን ምን እያበላሻት ነው?" ሲሏት ኩራቷን ብታዪው! ፊቴ ክብ ሆኗል። ጉንጬ ዓይኔን ሊሸፍነው ደርሷል። ሆዴ ወጥቷል፤ ከአንገቴ ሥር ከኋላ በኩልም ጎበጥ ያለ ሥጋ አብቅያለሁ። እጄና እግሬ ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። ሰርክአዲስን ታስታውሻታለሽ አይደል፣ የአመተ ማርያም ልጅ፣ አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጠው? እሷም እንደኔ ሆናለች። "ድንች ላይ ክብሪት የሰኩብን መሰልን" ትላለች። እሷ ባትኖር በእንባ አልቅ ነበር።

ብጉሩ ፊቴ ላይ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ደረቴና ጀርባዬን ሁሉ ሞልቶታል። ቀያይ ነው፣ ሁሉም እኩል ነው። ሆዴ ላይ ደግሞ ወይን ጠጅ የመሰለ ሸንተረር ወጥቶብኛል፤ ሳየው እፈራለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔን አያየኝም፣ ብጉሬን ነው የሚያየው። መስታወቱን ገልብጬዋለሁ። አሸንድዬ ሊደርስ ነው፣ እታለም። ልጃገረድ ሁሉ ተሽሞንሙና ስትወጣ እኔ በዚህ ፊት ምን ብዬ ነው የምወጣው?

መድኃኒት ላልሽው፣ ኧረ ምንም! አብሽ በማር ነው የምጠጣው። አብሽ ያወፍራል አይደል?

የምትወድሽ መቅደላዊት

*

ደሴ፣ ሐምሌ 4

መቅዲዬ፣

ሰላምታው ይቆየኝ፤ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን የምለማመድበት መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ደንበኛውን ረስቼ ደግሜ ሳነበው አሠሪዬ አይታኝ "ሰው ሞተብሽ?" አለችኝ።

አብሽ ክንድን ትቶ ፊትን ብቻ አያወፍርም። አብሽ ሆድ ላይ ወይን ጠጅ ሸንተረር አያወጣም። መጀመሪያ የጻፍኩልሽን እርሺው። ያ ስለ ጤነኛ ልጅ ውፍረትና ብጉር ነበር። ያንቺ ሌላ ነው። ውፍረቱንም ብጉሩንም ያመጣው አንድ ነገር ነው ብዬ ፈርቻለሁ፤ ያ ነገር ደግሞ በብልቃጥ ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ነበር። ፊቷ እንዲሁ ክብ፣ ክንዷ እንዲሁ ቀጭን፣ ደረቷ እንዲሁ ቀይ። እናትየዋ የብጉር ቅባት ነበር የፈለገችው። አሠሪዬ ልጅቷን ለብቻዋ ወስዳ ስትጠይቃት "ማወፈሪያ" ገዝታ እየዋጠች እንደነበር ተናገረች። ሰዎች ዴክሳ ይሉታል። ሐኪም ለአስምና ለከባድ አለርጂ የሚያዘው ትንሽ ኪኒን ነው፤ ሥራውን ሲያውቁበት ሰው ያድናል። ገበያ ላይ ግን ለቀጫጭን ልጆች ይሸጡታል። አያወፍርም መቅዲ፣ ያሳብጣል። ብጉሩም የሱ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር እየዋጥሽ ነው? ብትዋሺኝ አልቆጣሽም፣ ግን እሞታለሁ። ምን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጻፊልኝ። ለእማዬ አልናገርም።

እድላዊት

*

ላሊበላ፣ ሐምሌ 14

እታለም፣

እንዳትሞቺ። እነግርሻለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ነው የጀመርኩት። ቅዳሜ ገበያ የፀጉር ቅባት የምትሸጥ ሴት አለች፤ ከሷ ነው የምንገዛው። ስሙን አታውቀውም፤ እኛም አልጠየቅናትም። በወረቀት ጠቅልላ ነው የምትሰጠን። መጀመሪያ ሰርክአዲስ ሞከረችው። በጥቂት ሳምንት ጉንጯ ሲሞላ እኔም አላስቻለኝም።

ለምን ጀመርሽ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ይኸው ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። አምና ለአሸንድዬ ሣሩን ወገባችን ላይ አስረን ስንወጣ፣ አንዱ ጎረምሳ "ቀስ በሏት፣ ሣሩ ከብዷት እንዳትወድቅ" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ "ምስኪን፣ በሽታ ይኖርባት ይሆናል" አለች። ሳቁን እረሳው ነበር። የሴትዮዋን ግን አልረሳሁትም። ሰርክአዲስም አጠገቤ ነበረች፤ ሁለታችንም ቀጭኖች ነበርን። ያን ቀን ነው እንወፍራለን ብለን የማልነው።

አሁን ግን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ፤ ልንተወው ነው! ሁለታችንም። ፍልሰታን ነአኩቶ ለአብ ሱባኤ ልንገባ ተስለናል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል እየጠጣን፣ ፊታችንንም እየታጠብን እንቆያለን። ጠበልና ኪኒን አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ በዋዜማው የቀረውን ወደ ገደል እንወረውረዋለን። ለአሸንድዬ ፊታችን ጠርቶ እንወጣለን። እማዬ ሱባኤ ልገባ ነው ስላት በደስታ አለቀሰች። ምክንያቱን አላወቀችም።

አየሽ፣ ከአሁን በኋላ የሚያስፈራሽ ነገር የለም።

መቅደላዊት

*

ደሴ፣ ሐምሌ 22

መቅዲ፣ መቅዲዬ፣

ይህን ስታነቢ ኪኒኑ በእጅሽ ካለ አትጣይው። እለምንሻለሁ፣ በእማዬ ሞት፣ በአባባ አጥንት አትጣይው!

ማታ ማታ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው የሰነበትኩት፤ አሠሪዬንም ጠየቅኋት። በቀላሉ ላስረዳሽ። ይህ ኪኒን የሚሠራውን ሥራ ሰውነትሽም በራሱ ይሠራው ነበር። ኩላሊት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ዕጢ አለች፤ ሰው ሲታመም፣ ሲራብ፣ ሲደክም የምታቆመው እሷ ናት። ኪኒኑ ለወራት ሲመጣላት ሥራዋን ትታ ተኝታለች። አሁን ባንድ ጊዜ ብታቆሚው የሚያቆምሽ ነገር የለም። ያውም በጾም፣ ያውም በሐምሌና በነሐሴ ብርድ። መጀመሪያ ድካም ነው የሚመስለው። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ማዞር ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም። መጀመሪያ ብጉር ማንንም አልገደለም ብዬሽ ነበር፤ አሁን የምፈራው ሌላ ነው።

ስለዚህ አትተይው። የምትወስጂውን ሳትቀንሺ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ሐኪም በሳምንታትና በወራት ቀስ እያደረገ ያወርድልሻል። ሐኪም ጋ እስክትደርሺ አንድም ቀን አትዝለይ።

ሌላ ደግሞ፣ ይህን ደብዳቤ ለማንም አታሳዪ። አንብበሽ ቅደጂው። የሀገራችንን ሰው አፍ ታውቂዋለሽ። ሆዷ ወጥቷል፣ የወር አበባዋ ቀርቷል፣ ኪኒን ትውጣለች ከተባለ፣ የቱን ኪኒን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እማዬ ገበያ መውጣት አትችልም። ሰርክአዲስም ብትሆን አፏ አያርፍም፤ ለእሷም እንዳትነግሪ። እኔ ስመጣ ራሴ አስቀምጬ እነግራታለሁ።

አረጋ ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል አለኝ። እሱ ጭነቱን ይዞ ወደ ፍላቂት ማለፉ ነው። ጋሸና ላይ ለሚያውቀው የላሊበላ ነጋዴ እንዲሰጥልኝ አስምዬዋለሁ፤ በእግርም በበቅሎም ቢሆን ከፍልሰታ በፊት እንዲደርስሽ። ብቻ ይድረስሽ።

እድላዊት

*

ወልድያ፣ ነሐሴ 5

መቅዲ፣

የቀደመው ደብዳቤ ደርሶሽ እንደሆነ አላውቅም። አረጋ ለነጋዴው ሰጥቼዋለሁ አለ። ነጋዴው ግን ያድርስ አያድርስ የነገረን የለም። ፈቃድ ጠይቄ ተሳፈርኩ፤ ወልድያ ላይ ቆመናል። መኪና አይሄድም። ተኩስ አለ የሚልም አለ፣ ናዳ ነው የሚልም አለ። መናኸሪያው ቀን ሙሉ እየተቀመጥኩ ከላስታ በእግሩ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር "ነአኩቶ ለአብ አንዲት ልጅ ታማ አልሰማችሁም?" እላለሁ። ሰዎቹ ያዝኑልኛል። አንዲት መነኩሲት "ልጄ፣ ክፉ አታውሪ" አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ላሊበላ የሚሄዱ ቄሶች አገኘሁ። ይህችን እነሱ ናቸው የሚይዟት። መልሱን አጭር አድርጊው። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ ብለሽ አንድ ቃል ጻፊልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

እድላዊት

*

ላሊበላ፣ ነሐሴ 18

ለእታለም ለእድላዊት፣

ቄሶቹ ወልድያ የጻፍሽውን በደህና አድርሰውልኛል። ምግብም አልቀመሱልን፤ አድርሰው ሄዱ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ በዚህ ክረምት ብሶባታል፣ ግን ትሄዳለች። ሱቃችን ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ጎረቤቱ እሱባለው ቆርቆሮውን ጠግኖልናል። ክረምቱ ከባድ ነው። መንገዱ ይከፈታል ይላሉ። ጥሩነሽ ሰላም ብላሻለች።

አንድ ቃል ጻፊልኝ ብለሻል። ደህና ነኝ። እታለም፣ እኔ ደህና ነኝ።

የቀደመው ደብዳቤሽም ደርሷል። ነጋዴው ታማኝ ሰው ነው፤ ሱባኤ ልንገባ ስንነሳ ቤታችን ድረስ አመጣልኝ። ማድቤት ገብቼ አነበብኩት። ቀድጄ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። እንዳልሽኝ ነው ያደረግሁት፣ ሁሉንም እንዳልሽኝ። ሐኪም ጋ መሄዱን ብቻ ከሱባኤው በኋላ ብዬ አቆየሁት። ኪኒኑን ቀሚሴ ውስጥ ሰፍቼ ይዤ ሄድኩ።

በዋዜማው ሰርክአዲስ የእሷን ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆና ወረወረችው። "ያንቺስ?" አለችኝ። "ቅድም ጣልኩት" አልኳት። አመነችኝ። መቼም ዋሽቻት አላውቅም ነበር።

የቦታው አባት አባ ኪዳን ሱባኤ ለገባነው ሁሉ ምክር ሲሰጡ፣ "ሐኪም ያዘዘላችሁ መድኃኒት ያላችሁ እየወሰዳችሁ ጠበሉን ጠጡ፤ እግዚአብሔር በሁለቱም ይፈውሳል" ብለው ነበር። ሰርክአዲስ በጆሮዬ "የእኛን ሐኪም አላዘዘውም" አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በየቀኑ ጠዋት ሰው ሳያየኝ ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ እውጥ ነበር። እንደ ሌባ ነበር የምሆነው። አጠገቤ ተኝታ "መቅዲ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ እኔ ምነው ደከመኝ?" ስትለኝ፣ ተሸፋፍኜ የተኛሁ እመስል ነበር።

ደከማት። ሁሉም "ጾሙ ነው" አለ። አስመለሳት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጠበሉ በሽታዋን እያስወጣላት ነው ብለው። እሷም እንደዚያ ነበር ያመነችው። ፊቷ ደግሞ መጉደል ጀምሮ ነበር፤ መስታወት ስለሌለ "ብጉሩ ጠፋ? ጉንጬ ጎደለ?" እያለች ትጠይቀኛለች። ጎድሏል እላታለሁ። ደስ ይላታል። አባ ኪዳን አይተዋት "ይህች ልጅ ትብላ፣ ሐኪም ቤትም ትሂድ፤ እኔ እፈታታለሁ" አሉ። እግራቸው ላይ ወድቃ "አባቴ፣ እስክጨርስ ይታገሱኝ፣ ለአሸንድዬ ተስዬ ነው" አለቻቸው። አንቺ የጻፍሽልኝ እያንዳንዱ ነገር ሲደርስባት ቆሜ አየሁ እታለም። መጀመሪያ ድካም፣ ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ማዞር። ያልጻፍሽልኝን ብቻ ነበር የማላውቀው።

እነግራታለሁ እል ነበር፣ እምላለሁ። ከዚያ ሰው ስለ ሆዳችን የሚያወራውን አስባለሁ፣ እማዬን አስባለሁ፤ "እኔ ስመጣ ራሴ እነግራታለሁ" ያልሽውንም አስባለሁ። ትመጣለች እል ነበር።

አንድ ጠዋት ስቀሰቅሳት አልነቃችም። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ከተማ አደረሷት። ሐኪሙ እናቷን "የምትወስደው መድኃኒት ነበር?" ብሎ ጠየቃቸው። አመተ ማርያም በቅዱስ ላሊበላ ምለው "ከጠበል በቀር በልጄ አፍ ምንም አልገባም" አሉት። ሌላ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር፤ እማዬም፣ ጥሩነሽም፣ ዘመዶቻቸውም። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነበር። ሐኪሙ ወደኔም ዞሮ "ጓደኛዋ ነሽ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሌላ አልተናገርኩም። ጉሉኮስ ሰቀሉላት።

ቤት ሄጄ አልተኛሁም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሄጄ ለነርሷ ነገርኳት፤ እሷ ሐኪሙን ጠራችው። ሮጠ፤ መርፌም ሰጣት። ብዙ ደከመላት፤ ማንም ምንም አላጎደለባትም። ከቀትር በፊት አረፈች። ሐኪሙ ወጥቶ "ትናንት ብትነግሪኝ" አለና ሳይጨርሰው ሄደ። አልተቆጣኝም።

ቀበርናት።

የእኔን ነገር ሐኪሙ ይዞታል። ኪኒኑን ቀስ በቀስ እንድቀንስ አዞልኛል፤ እማዬ ራሷ እየቆጠረች ትሰጠኛለች። እማዬ አልመታችኝም። ልብሴን ስታጥብ ታለቅሳለች።

ከትናንት ወዲያ አሸንድዬ ገባ። ከሰፈራችን ሴት ልጆቹ ሣራቸውን አስረው እየዘፈኑ ሲወርዱ ሰማሁ። በሩን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ተንኳኳ። አመተ ማርያም ናቸው፤ ጥቁር ለብሰው ብቻቸውን ቆመዋል። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ከቤቷ አትወጣም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። እማዬ ደንግጣ ተነሳች። እሳቸው ግን እኔን ነው ያዩት። "ተነሽ" አሉኝ። "ልጄ ያንን ነገር ስትውጥ እንደነበር አላውቅም ነበር። ሌላውም ሰው ልጁ እንደምትውጥ አያውቅም። ቤት ለቤት እንዞራለን፤ አንቺ ትናገሪያለሽ።"

ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ "አውርጂው" አሉኝ። አወረድኩት። ያ ሁሉ ብጉር፣ ይህ ያበጠ ፊት፣ በአሸንድዬ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ። ሴቶች ሲያዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። ማወፈሪያውን፣ ገበያውን፣ እንዴት እንደሚያሳብጥ፣ ባንድ ጊዜ ሲተው ምን እንደሚያደርግ እናገራለሁ። አመተ ማርያም አጠገቤ ይቆማሉ፤ አንድ ቃል አይጨምሩም። በር የዘጉብን አሉ። "ሟርተኞች" ያሉን አሉ። አንድ ቤት ግን እናትየው ልጇን ጠራቻት። ልጅቷ ስትወጣ ፊቷ ክብ ነበር፤ ክንዷ ቀጭን። እናትየው እኔንም ልጇንም እያፈራረቀች አየችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ትናንት ሐኪም ቤት ገብታለች።

ስንዞር የፈራሁት የብጉሬን መታየት አልነበረም። አመተ ማርያም የማያውቁት አንድ ነገር አለ። አብረን እንውጥ እንደነበር ያውቃሉ። ደብዳቤ እንደነበር ግን አያውቁም። ቀድሞ እንደተነገረኝ፣ አውቄ አጠገቧ እንደተኛሁ አያውቁም። በየደጁ ስናገር እሳቸው ይሰሙኛል፤ "ይህን ሁሉ መቼ አወቅሽው?" ይሉኛል ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። አይሉኝም። አለመጠየቃቸው ባሰብኝ።

ትናንት ከሰዓት ከአንዱ ግቢ ስንወጣ ዳገቱ ላይ ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ነገርኳቸው። እህቴ ጽፋልኝ ነበር አልኳቸው። ከሱባኤው በፊት ደርሶኝ ነበር፣ ለማንም አትንገሪ ስላለችኝ ቀድጄ አቃጠልኩት፣ እኔ እየዋጥኩ እሷ ስትሞት ዝም ብዬ አየኋት አልኳቸው። ያንቺን ስም ደብቄ እኔ ብቻ ጥፋተኛ ለመሆን አስቤ ነበር። አልቻልኩም፣ ይቅር በይኝ፤ የሆነውን እንደሆነው ነው የነገርኳቸው።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ከታች ልጃገረዶቹ ይዘፍናሉ። ይመቱኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ድንጋዩን ተደግፈው ተነሱ። ቀሚሳቸውን አራገፉ።

"የሚቀጥለው ቤት የማን ነው?" አሉኝ።

የጥሩነሽ ነበር። ሦስት ሴት ልጆች አሏት። ገባን።

እህትሽ መቅደላዊት